ጂኦግራፊ ተምሮ ምን ሊሆን?

«ጂኦግራፊ ደረሰኝ» ብሎ ቤት የገባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪን «እንኳን ደስ ያለህ» ቀድሞ የሚጠብቀው «የቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ ማን ናት?» የሚል ጥያቄ ነው። ዋጋዱጉ ብሎ ቢመልስም አጎት «ታዲያ ለዚህ ይህን ሁሉ ዓመት?» ማለታቸው አይቀርም። አጎት ጨርሶ አልተሳሳቱም። ትምህርት ቤት ውስጥ ጂኦግራፊ የተራራ ከፍታና የወንዝ ርዝመት ሸምድዶ ፈተና ላይ ማራገፍ ሆኖ ኖሯል። «የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ» ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርስ ሲሆንም ብዙው ተማሪ የወሰደው እንደ ክትባት ነው፤ አንዴ ተወግቶ ዕድሜ ልክ ላለመያዝ። የዲግሪው ቁም ነገር ግን «ለምን እዚያ ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ነው እላለሁ፤ ለዚህም ምስክር ፍለጋ ከአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶ አልወጣም።

ከቄራ እንጀምር። ቄራ መድረስን ለማወቅ ረዳቱ መጣራት የለበትም፤ አፍንጫ ይበቃል። ቄራው የተተከለው ከተማው ሳይደርስበት፣ ወንዝ ዳር ነው፤ እርድ ውኃም ርቀትም ይፈልጋልና። ውኃው አለ፣ ርቀቱን ከተማው በላው። ወደ መካኒሳ ሲወርዱ ደግሞ በትንሹ አቃቂ ዳር ጎመንና ቆስጣ ለምልሞ ይታያል። ለምን እንዲህ ለመለመ ብሎ መመራመር የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ወንዙ የላይኛው ከተማ የለቀቀበትን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ አቃቂ 2,100 ገደማ ስለሆነ ዣንጥላ የሚዘረጋው ሽሮ ሜዳ ሆኖ ጎርፉን የሚቀበለው ላፍቶ ነው። አትክልት ተራም በ2012 ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር፣ ለለቡ ሰው ሽንኩርቱ ደጁ መጣለት፤ የሰሜኗ የጉልት ነጋዴ ግን ከተማውን አቋርጣ የምትጭንበት ኪራይ ተጨመረባት።

«ይህንማ ስልኬ ላይ ያለው ካርታ ይነግረኛል» የሚል አይጠፋም። ካርታው ጀሞ በየት በኩል እንደሚኬድ ይነግራል (እሱም «ከባንኩ ጀርባ ስትደርስ ደውል» እስኪባል ድረስ ነው)፤ ክረምት ሲገባ የማን ምድር ቤት በባልዲ እንደሚቀዳ ግን አይነግርም። «ሥራስ?» የሚለው ተቃውሞ ይከብዳል። መንግሥት 70 በመቶው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ባለበት ዘመን ጂኦግራፊ ከቀሪው 30 ውስጥ ነበር፤ ብዙው ተመራቂም የጨበጠው ጠመኔ ነው። አልክድም። ይሁንና ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በዚሁ ሙያ ነው ከ1958 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. የነበረውን የገጠር ረኀብ ያጠኑት። ጣት ሁሉ ወደ ሰማይ ሲቀሰር፣ ገበሬውን ለረኀብ ያጋለጠው የዝናብ መቅረት ብቻ እንዳልሆነ፣ በላዩ የተጫነው ሥርዓትም እንዳለበት አሳዩ። በሽምደዳ እዚህ አይደረስም።

ሙያው ገበያ እንዳለው የተጠራጠረ ደግሞ የቤት ደላላን ይመልከት። ገዢ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ውኃ በሳምንት ስንቴ እንደሚመጣ ይጠይቃል፤ ወንዙ ከቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚጠይቅ የለም። ደላላው ግን ያውቃል። ወንዝ ዳር ያለውን ቤት የሚያስጎበኘው በጥር ነው፤ በነሐሴ ከተጠየቀ «ባለቤቱ ክፍለ ሀገር ሄዷል» ይላል።