የአቶ እገዛ ፋይል አጭር የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ከሰቆጣ ከተማም፣ ከዝቋላና ከአበርገሌ ቆላ ወጥታችሁም የመጣችሁ ሒሳብ ሠራተኞች፣ ጸሐፊዎችና መረጃ መዝጋቢዎች፣ ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። ሟቹን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ኤክሴል ላይ ኤፍ 2ን ሊጫን ሲል ጣቱ የሳተበት ሰው ሁሉ አግኝቷቸዋል። ኤፍ 1ን ሆን ብሎ የተጫነ ካለ እጁን ያውጣና ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጥ።

ኤፍ 1 ሲነካ የሚከፈቱት ሟቹ አቶ እገዛ ፋይል ከአባታቸው ከፕሮግራም ሠሪውና ከእናታቸው ከወይዘሮ የርክክብ ዋዜማ በአሜሪካ አገር ተወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከዊንዶውስ 3.0 ጋር ኤችኤልፒ በሚል ስም ሥራ ጀመሩ፤ በ1997 ደግሞ ሲኤችኤም ተብለው ብቅ አሉ። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም በልኩ ስለሚዘጋጁ የመጋዘኑም፣ የደመወዙም፣ የበጀቱም ፕሮግራም የየራሱ እገዛ ፋይል ነበረው። ትሑት፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ የሚለውን ለሌላ ቀብር እንተወው። እዚህ የምንተዋወቅ ሰዎች ነን።

ሟቹ አንድ ጠባይ ነበረባቸው፤ የጠየቃችኋቸውን መልሰው ለእናንተው ይነግሯችኋል። ሰኔ 30 ማታ፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩት፣ አንዷ ሒሳብ ሠራተኛ ጨንቋት “‘ሒሳብ ዝጋ’ የሚለውን ከተጫንኩ በኋላ ያልገባ ደረሰኝ ባገኝ ማስገባት እችላለሁ ወይ?” ትላቸዋለች። ሟቹ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ “ሒሳብ ለመዝጋት ‘ሒሳብ ዝጋ’ የሚለውን ይጫኑ” ይሏታል። “ሰርዝ” የሚለውስ? “ለመሰረዝ ‘ሰርዝ’ የሚለውን ይጫኑ።” ዛሬ ከሣጥናቸው ቀና ቢሉ እንኳ “ለማልቀስ ‘አልቅስ’ የሚለውን ይጫኑ” ከማለት አይመለሱም ነበር።

ጠባዩ ያስተዳደግ ነው። ፕሮግራሙ አልቆ፣ ገንዘቡም አልቆ፣ ውሉ ላይ “ከነእገዛው” የሚል ስለተጻፈ ብቻ አንድ ወጣት ይጠራና የቁልፎቹ ዝርዝር ይሰጠዋል። ተጠቃሚዋን አይቷት አያውቅም፤ ቁልፎቹን ግን ያያቸዋል። ስለዚህ ያየውን ይጽፋል። ሥራው ራሱ ደግሞ ቀላል አልነበረም። በኤችኤልፒ ዘመን እያንዳንዱ ገጽ በዎርድ ይጻፍና መለያው፣ ርዕሱና መፈለጊያ ቃሉ በግርጌ ማስታወሻ ይገቡለታል፤ ከዚያ ሁሉም በኮምፓይለር አልፎ አንድ ፋይል ይሆናል። አንዷ ምልክት ከተሳተች ማያያዣው የትም አያደርስም። ይህ ሁሉ ልፋት “ለማተም ‘አትም’ የሚለውን ይጫኑ” ለማለት!

አማርኛም ሊማሩ ሞክረው ነበር። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም የሟቹ ማውጫ የሚሠራው በአሮጌው የዊንዶውስ ኮድ ገጽ፣ ማለትም በፊደላት ሰንጠረዥ፣ ነው፤ ለእኛ ፊደል ደግሞ እንዲህ ያለ ኮድ ገጽ አልነበረም። ስለዚህ የውስጡ ገጽ በአማርኛ እየተነበበ ማውጫው የጥያቄ ምልክት ይደረድራል። መልስ ሊሰጡ የተቀጠሩት ሽማግሌ እኛኑ ይጠይቁን ጀመር። አፉን በኽምጣና ለፈታ የዋግ ልጅማ አማርኛው ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛው ሦስተኛ ነው። ሦስተኛ ቋንቋ ድረስ ሄዶ የሚያገኘው ያንኑ የቁልፉን ስም ነው።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይብቃ። ሰቆጣ በስሟ ቃል ኪዳን የተገባባት ከተማ ናት። በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ነው። መቀንጨር የሚታወቀው ቁመት ተለክቶ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ተጋድሞ ይለካል፤ ቆሞ ከተለካ 0.7 ሴንቲ ሜትር ጨምሩበት ይላል የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ። የመዝጋቢዋ ጣት “ቁመት” የሚለው ሳጥን ላይ እንዳለ፣ ኤፍ 1 ሲነካ የሚከፈት አንድ ገጽ ይህን ሊነግራት ይችል ነበር። ሳጥንና ገጽን በቁጥር ማሰር ሟቹ የሚያውቁት ሙያ ነው፤ የተፈጠሩትም ለዚሁ ነበር። እኛ ግን “ቁመት፦ ቁመት ያስገቡ” አስባልናቸው። ለዚህ አልቅሱላቸው።

ሕመማቸው የጀመረው ዊንዶውስ ቪስታ ሲመጣ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የኤችኤልፒ ማንበቢያው ከዊንዶውስ ጋር መምጣቱ ቀረ። ሲኤችኤሙም ከኢንተርኔት ወርዶ ሲከፈት፣ ለደኅንነት ሲባል ስለሚታገድ፣ ማውጫው በግራ እየታየ ገጹ ባዶ ይሆናል። እገዳው እንዴት እንደሚነሣ ማን ይንገራችሁ? እገዛ ፋይሉ።

የገደላቸውን ሰው ስም አልጠራም። ድንኳኑ ውስጥ ካለ ንፍሮውን ይብላ። “ከእንግዲህ እገዛው ኦንላይን ነው” ያለው እሱ ነው። የት ተቀምጦ እንዳለው ባላውቅም ሰቆጣ እንዳልነበረ አውቃለሁ። በሰሜኑ ጦርነት መብራትም ኔትወርክም ጠፍቶ በከረመበት አገር፣ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፣ ኤፍ 1ን የነካ ሰው የሚያገኘው “እባክዎ የኢንተርኔት ግንኙነትዎን ያረጋግጡ” የሚል ነው። አረጋገጥን። የለም። ሟቹ መልሳቸው ባይረባም ቤታቸው እዚሁ ሐርድ ዲስኩ ውስጥ ነበር፤ ጀነሬተር ሲነሣ አብረው ይነሡ ነበር።

ትተዋቸው ያለፉት ቤተሰቦች የሚከተሉት ናቸው፦ “ኢንቦክስ አድርግልኝ” እያለ የሚኖረው የቴሌግራም ግሩፕ፣ ካርድ በልቶ የማይጠግበው የዩቲዩብ ቪዲዮ፣ በተፈለገ ቁጥር ባሕር ዳር ሥልጠና ላይ የሚሆነው አይቲው ወንድማችን። ከዘመድ አዝማድ ሁሉ በታማኝነት ያገለገለን ከስክሪኑ አጠገብ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የፓወር ግዕዝ ኪቦርድ ፎቶ ኮፒ ብቻ ነው። “ጰ” የት ነች ሲሉት “ጰ” የት እንዳለች ይናገራል።

ለገዳዩ የማስተላልፈው መልእክት አለኝ። ተዝካር አወጣለሁ ካልህ በግ አንፈልግም። የሚቀጥለውን ፕሮግራም ስታመጣ እገዛውን በፍላሽ ይዘህ ና። ከመጻፍህ በፊት ደግሞ ሰኔ 30ን ከአንዷ ሒሳብ ሠራተኛ ጎን ተቀምጠህ አምሽ፤ የምትጠይቅህን ሁሉ ጻፍ። የቁልፎቹን ስም ተወው፤ እሱ ላያቸው ላይ ተጽፏል።