ጥሬ ብሉ ተባልን እኮ!

ወገኖቼ፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እየተባላችሁ ያደጋችሁ፣ ፀጉራችሁ የሸበተ፣ ጉልበታችሁ የከዳ ሁሉ፣ ኑ አብረን እናልቅስ። እንጦጦ ማርያም ግርጌ፣ እኔው ቤት ውስጥ ምድጃው ሥራ ፈትቷል።

የልጅ ልጄ ማብሰል ትታለች። ምን ነካሽ ብላት «አባባ፣ እሳት ቫይታሚኑን ይገድለዋል» አለችኝ። ድንቄም! እኔን ይኼን ሁሉ ዘመን ያቆመኝ የሞተ ቫይታሚን ነዋ! ጎህ ሳይቀድ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ቆስጣ ከታትፋ በሚያጓራው መፍጫ ትከተዋለች፤ ቤቱ ይንቀጠቀጣል፣ ውሻው ይጮኻል፣ እኔ ዳዊቴ ይምታታብኛል። ሠላሳ ሁለት ጥርስ እያላት ምግቧን በመኪና ታስኝካለች! ምስር ደግሞ በጠርሙስ ነክራ መስኮት ላይ ታበቅላለች፤ ጠዋትና ማታ ታጥበዋለች፣ ጭራ ሲያወጣ ፎቶ ታነሳዋለች። እናቴ ነፍሷን ይማረውና ስንት ዓመት ባቄላ በቆልት ስታበቅል ማን ፎቶ አነሳት?

ጥሬ አልበላንም አላልኩም፤ በወጉ በላን እንጂ። መስከረም ሲያልቅ የባቄላ እሸት ከነማሳው፣ ታኅሣሥ ላይ የሽምብራ እሸት ከነጓዙ። ከዳገቱ ላይ ቀጋ እንለቅም ነበር፤ ቀዩን ልጣጭ በጥርስ ከፈት አድርጎ፣ ፀጉራሙን ፍሬ በጥፍር ጠርጎ ጥሎ፣ የተረፈችውን ጣፋጭ ነገር መላስ ነው። ፀጉሩን ያላራገፈ ጉሮሮውን ሲያክ ይውላል። ማንም ታዲያ «ለጤናዬ» ብሎ አልበላም፤ ርቦን ነው። ባሕታዊ እንኳ ጥሬ ቆርጥሞ ውሃ የሚጠጣው ለነፍሱ ነው፣ ቆዳዬ ያብራ ብሎ አይደለም!

ዋናውን ጥሬ ግን የዛሬ ልጅ አያውቀውም። እቴጌ ጣይቱ እዚችው እንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ቤቷ ሲከበር፣ በ1880 ዓ.ም. ግድም፣ ያበሉትን ግብር የሰማ አለ? ለቀናት ነው የተበላው፤ ጠጁ እንደ ጅረት፣ የታረደው ከብት በሺህ የሚቆጠር። አያቴ እዚያ ነበሩ። በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ነው፣ ቢሆንም የጎድኑን ርዝመት እስኪሞቱ ድረስ በክንዳቸው እየለኩ ያሳዩን ነበር። ክንዱም ከዓመት ዓመት ይረዝም ነበር።

ጤናችንስ! በየሁለት ወሩ ኮሶ ከመጠጣታችን በቀር ሆዳችንን አንዳች ነክቶት አያውቅም። የኮሶ ቀን ደግሞ ክብር ነበረው፤ «ጌታው ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ እንግዳ ከደጅ ይመለሳል። የኮሶ ዛፉ አበባ ተወቅጦ በውሃ ተበጥብጦ ሲቀርብ፣ ምረቱ ዓይን ያስጨፍናል፣ ወንድነትም ይለይበታል። ዛሬ አንዲት ክኒን ውጦ ወደ ሥራው! ልጅቷ ሰምታኝ «አባባ፣ ትሉ እኮ የሚመጣው ከጥሬ ሥጋው ነው» አትለኝም? ቢሆንስ! የድሮ ትል ቀን ቆጥሮ የሚወጣ ጨዋ ትል ነበር።

ሌላም አላት። እኛ ያለንበት ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ግድም ስለሆነ፣ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ 90 ላይ ነው ትላለች። ንፍሮው ቀኑን ሙሉ እየተንተከተከ የማይበስለው በዚህ ነው፣ ስለዚህ ማገዶ ከመፍጀት ጥሬውን መብላት ይሻላል አለች። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ውሃው ራሱ ብርቱ ነበር፤ እናቴ ንፍሮውን ሌሊት ጥዳ ተሰዓት በኋላ እንደ ቅቤ አብስላ ታወርደዋለች።

እዚሁ እንጦጦ ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህማ ዳገቱ በሯጭ ተወረረ። ድሮ በዚህ መንገድ የሚሮጥ ወይ ጅብ ያባረረው ነው ወይ ቅዳሴ የረፈደበት። አሁን ይሮጡና ቁጭ ብለው አረንጓዴ ጭማቂ በገንዘባቸው ይጠጣሉ። ባለፈው ልጅቷ ወሰደችኝና አንድ ብርጭቆ አስቀዳችልኝ። ሣር ሣር ይላል። እንዳይደፋ ብዬ ጨረስኩት፤ የእሷም ተርፎ ስለነበር እሱም እንዳይደፋ አደረግሁ። ሳምንቱን ሁሉ ሆዴ ቀለል አለኝ፤ የአየሩ ለውጥ መሆን አለበት።

ሐኪሙ ደግሞ በበኩሉ ጥሬ ሥጋ ተው፣ ሁሉን አብስለህ ብላ ይለኛል። እሷ ጥሬ ብላ፣ እሱ አብስለህ ብላ! የተማረ ሰው በአንድ ነገር መስማማት አቅቶት እኛ መሀል ቀረን። ነጋ ጠባ ሽማግሌ የልጅ ምክር አይሰማም እያሉ ያሙኛል፤ እንግዲህ ለሐሜታቸው ስል የፊታችን ቅዳሜ የልጅቷን ቃል ተቀብዬ ልኳንዳ ቤት እወርዳለሁ። አንድ ኪሎ ቁርጥ፣ በአዋዜና በሰናፍጭ። ከሻኛው ለስለስ ያለውን ይምረጡልኝ እንጂ፤ በቆሎና በአጥንት የጠነከረ ጥርሴን ይኼ የዛሬ ለስላሳ ዳቦ ጨርሶብኛል።