የአንድ ሴሚስተር ነጋዴ

አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1987 ኢራስመስ የተባለውን የተማሪዎች ልውውጥ ስትጀምር፣ ወጣቶቿ እንዲተዋወቁ ነበር ሐሳቧ። ሠምሮላታል! በተለይ የቢዝነስ ተማሪዎቹ ትውውቁን አልጠግብ ብለዋል።

ለአንድ ሴሚስተር ወደ ሚላኖ ወይም ወደ ባርሴሎና የተላከ ተማሪ ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኮርስ ሲመርጥ አስቀድሞ የሚያጣራው የመምህሩን ዝና ሳይሆን ዓርብ ክፍል አለመኖሩን ነው። የሙሉ ሴሚስተር ጭነት 30 ክሬዲት ነው፤ የእሱ ጭነት ግን በርካሽ አውሮፕላን ከወንበር ሥር የምትገባ ቦርሳ ብቻ። ሐሙስ ማታ ሊዝበን፣ በሳምንቱ ፕራግ። የቡድን ሥራውማ መች ይቀራል? የአምስት አገር ልጆች ይሰበሰባሉ፤ አንዷ ትጽፋለች፣ አራቱ ዓለም አቀፍ የሥራ ልምድ ያገኛሉ። ብዙ ትምህርት ቤቶች የልውውጡን ውጤት ከአማካይ ነጥብ ጋር ስለማይደምሩት፣ ማለፍ ከተቻለ ከዚያ በላይ መድከም ብክነት ነው። ወጪ ቆጣቢ ማለት እንዲህ ነው!

ለልውውጡ የሚሰጠው ድጎማ ብዙ ጊዜ ለቤት ኪራይ እንኳ ስለማይበቃ ቀሪውን ኢንቨስት የሚያደርጉት አባት ናቸው፤ የትርፍ ድርሻቸውም በየሳምንቱ በኢንስታግራም ይደርሳቸዋል።

ወላጆች ሆይ፣ አትስጉ፤ ልጃችሁ ንግድ በደንብ ገብቶታል። የከሰረው ባለአክሲዮኑ ነው።