ዲቪ የደረሰው ቤተሰብ የገንዘብና የኢንሹራንስ ሥርዓት፦ አጭር ጥናት

ዲቪ ደርሶት አሜሪካ የገባ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ በገንዘብና በኢንሹራንስ ረገድ ሲጠና ሁለት ሆኖ ይገኛል። አንደኛው ቅጽ ላይ የሚሞላው ቤተሰብ ነው፤ ባል፣ ሚስትና ልጆችን ይይዛል። ሁለተኛው ስልክ የሚደውለው ቤተሰብ ነው፤ ይህኛው ወሰን የለውም። መሥሪያ ቤቶች የሚያውቁት አንደኛውን ብቻ ሲሆን፣ በጀቱን የሚያጸድቀው ሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያው ምዕራፍ «ሶሻል» ይባላል። ዘጠኝ አሃዝ ያለው ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1936 መሰጠት ሲጀምር ዓላማው የሠራተኛን ደመወዝ ለጡረታ መመዝገብ ነበር፤ ዛሬ ባንኩም፣ አከራዩም፣ የስልክ ድርጅቱም ይጠይቀዋል። ካርዱ በፖስታ እስኪመጣ ቤተሰቡ ዘመድ ቤት ሳሎን ውስጥ ያርፋል። ይህ ወቅት «ሁለት ሳምንት» ተብሎ የሚታወቅ ሲሆን ርዝመቱ ከሁለት ወር እስከ ሁለት ዓመት ይደርሳል።

ካርዶቹ ሲመጡ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት የቤተሰብ ስም መኖሩ ይረጋገጣል። ባልየው በአባቱ፣ ሚስትየዋ በአባቷ፣ ልጆቹ በባልየው ስም ተመዝግበዋል። የኢንሹራንስ ኩባንያ ሠራተኛ ይህን ስታይ ሁለቱ ሰዎች በእርግጥ የተጋቡ መሆናቸውን በትሕትና ትጠይቃለች፤ ቀጥላም ልጆቹ የማን እንደሆኑ ትጠይቃለች።

ሁለተኛው ምዕራፍ ክሬዲት ነው። ክሬዲት ከ300 እስከ 850 ባለው ነጥብ የሚለካ ጠባይ ነው። ከነጥቡ 35 በመቶው ዕዳን በቀኑ ከመክፈል፣ 30 በመቶው ከተፈቀደው ብድር ምን ያህሉ እንደተነካ፣ 15 በመቶው ከብድሩ ዕድሜ ይገኛል። በዚህ መለኪያ ተበድሮ የማያውቅ ሰው ታማኝነቱ አይታወቅም። ሃያ ዓመት እቁብ የጣለ፣ ዕጣ በመጀመሪያው ሳምንት ወጥቶለት እስከ መጨረሻው ሳያጓድል የከፈለ፣ ለሌላው ተያዥ የሆነ ሰው አሜሪካ ሲገባ ነጥብ አልባ ነው፤ ታሪኩን የጻፈው የእቁቡ ጸሐፊ እንጂ የክሬዲት ቢሮ አይደለምና። መድኃኒቱ በማስያዣ የሚሰጥ ካርድ ነው። ቤተሰቡ የራሱን 300 ዶላር ለባንኩ ያስይዛል፤ ባንኩ ያንኑ 300 ዶላር ያበድረዋል፤ ቤተሰቡም በየወሩ እየከፈለ በገዛ ገንዘቡ እየታመነ ይሄዳል።

ሦስተኛውና ሰፊው ምዕራፍ የጤና ኢንሹራንስ ነው። ክፍያው በሦስት ይመደባል፦ ባይታመሙም በየወሩ የሚከፈለው ፕሪሚየም፣ ሲታመሙ ኢንሹራንሱ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት የሚከፈለው ዲዳክተብል፣ ሐኪም ቤት በተሄደ ቁጥር የሚከፈለው ኮፔይ። የአሠራሩ ዋና ናሙና ከሕክምና በኋላ በፖስታ የሚመጣው ወረቀት ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ሐኪም ቤቱ የጠየቀው 1,800 ዶላር፣ ከኢንሹራንሱ ጋር የተስማሙበት ዋጋ 1,100፣ ኢንሹራንሱ የከፈለው 0፣ የታካሚው ድርሻ 1,100 ይላል። ከላይ በደማቁ «ይህ ቢል አይደለም» ተብሎ ተጽፏል። ቤተሰቡ አምኖ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ከሳምንታት በኋላ እውነተኛው ቢል ሲመጣ፣ ቁጥሩ ያው ስለሆነ ያው ወረቀት መስሎት ከጎኑ ያስቀምጠዋል። ሦስተኛው ወረቀት የሚመጣው ከዕዳ ሰብሳቢ ነው፤ በዚህኛው ላይ ምን እንዳልሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው፣ በተለምዶ ኦባማኬር የሚባለው ሕግ ልጅ እስከ 26 ዓመቱ በወላጁ ኢንሹራንስ ሥር እንዲቆይ ይፈቅዳል። ከሐበሻ ልማድ ጋር የሚስማማው አንቀጽ ይህ ነው። ወላጅን በልጅ ኢንሹራንስ ሥር ማስገባት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ልጅ ለማረስ ለመጣች እናት የሚገዛላት የጉዞ ኢንሹራንስም ነባር ሕመምን በአብዛኛው አይሸፍንም። እናት ይዛ የምትመጣው ስኳርና ደም ግፊት፣ ሁለቱም ነባር ናቸው።

የመኪና ኢንሹራንስ ከሌሎቹ ይቀላል፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ያስቸግራል። ኩባንያው እዚያ ቤት የሚኖሩ፣ ለመንዳት ዕድሜያቸው የደረሰ ሰዎች በሙሉ እንዲዘረዘሩለት ይፈልጋል። ሳሎን የሚያድረው የአክስት ልጅ ሁለት ሳምንቱን ገና ስላልጨረሰ አይዘረዘርም። መኪናውን ግን በማታ ፈረቃ የሚነዳው እሱ ነው።

የሕይወት ኢንሹራንስ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ በሚያውቁት ሰው ነው፤ የሽያጩ ቦታም ክርስትና ወይም ልደት ላይ፣ ቡና ከመቅረቡ በፊት ነው። ገዢው ዕድሜውን፣ ሕመሙንና ማጨስ አለማጨሱን ይጠየቃል። እድር ይህን ሁሉ አይጠይቅም፤ መዋጮና ለቅሶ ላይ መገኘት ይበቃዋል። አስከሬን አገር ቤት ለመላክ ምን እንደሚያስፈልግ ያውቃል፤ የአማትን ሞት ሳይቀር መርዶ አድርጎ ይመዘግባል። ኩባንያው በአንጻሩ ገንዘቡን ይከፍላል እንጂ ለቅሶ አይቀመጥም። ጠንቃቃ ቤተሰብ ሁለቱንም ይይዛል።

ወደ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ በየትኛውም የበጀት ሠንጠረዥ ላይ ራሱን የቻለ ረድፍ የለውም፤ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር ይገባል፤ «ልዩ ልዩ»ም በዚሁ ምክንያት ከቤት ኪራይ ቀጥሎ ትልቁ ወጪ ይሆናል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ተቀባዩ የዕለቱን ዋጋ ከላኪው ቀድሞ ያውቃል። ጥያቄውም የሚቀርበው በብር ሳይሆን በዶላር ሆኗል።

ዓመቱ የሚዘጋው ሚያዝያ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን በሚያበቃው የታክስ ወቅት ነው። ታክስ አሠሪው ባለሙያ «ጥገኛ ስንት ነው?» ሲል ቤተሰቡ ጣት መቁጠር ይጀምራል፦ ሁለት ልጆች፣ ደሴ ያለች እናት፣ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሁለት ወንድሞች፣ ባሏ የሞተባት እህት ከነልጆቿ። ባለሙያው ሁለት ብሎ ይጽፋል። ሕጉ የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነ ጥገኛ ቢያንስ አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም ሜክሲኮ ነዋሪ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ሜክሲኮን ያሰበ ሕግ ደሴን አላሰበም። ባልና ሚስት ቅጹ ላይ ሐሰት ቢገኝ በሕግ እንደሚጠየቁ አምነው ይፈርማሉ። ተመላሽ ገንዘቡ ባንክ በገባ ማግስት፣ ቅጹ ላይ ስማቸው ላልሰፈረ ዘመዶች ይከፋፈላል።