ስለ ከፈይ ጨርቅና ስለ ላፕቶፕ መጋል የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በዲላና በዙሪያዋ፣ በወናጎም በይርጋጨፌም በኮቸሬም ጠረጴዛ ያለህ፣ ጠረጴዛህም ላይ ጨርቅ ያነጠፍህ ሁሉ!

የጌዴኦ ገበሬ ቡናውን በዛፍ ጥላ ሥር የሚያሳድግበት መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ መሆኑን በማስታወስ፤

ይኸው ገበሬ የታጠበ ቡናውን ከመሬት ከፍ ባለ የወንፊት አልጋ ላይ የሚያሰጣው ከላይም ከሥርም አየር እንዲያገኘው መሆኑን፣ ይህንንም ቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚውል የቀን ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቀው መሆኑን በመገንዘብ፤

ባለ ዲግሪዎች በሞሉበት በአንድ ቢሮ ግን ላፕቶፕ በከፈይ ላይ ተቀምጦ እንደሚግል በማየት፣ ያንገሸገሸው አዋጅ አውጪ የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የከፈይ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2. ትርጓሜ

በዚህ አዋጅ ውስጥ የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር «ላፕቶፕ» ማለት በራሴ ደመወዝ የገዛሁት፣ ቢሮው በሙሉ ግን የሚሠራበት ላፕቶፕ ነው።

አንቀጽ 3. ስለ ከፈይ

1. ላፕቶፕን ከፈይ፣ ጋቢ፣ ፍራሽ ወይም ትራስ ላይ አስቀምጦ መሥራት ክልክል ነው። አብዛኛው ላፕቶፕ ቀዝቃዛ አየር የሚስበው ከሆዱ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ነው፤ ሙቀቱን በጎኑ ወይም በማጠፊያው በኩል ያስወጣል። ሆዱ ሲታፈን ፋኑ ይጮኻል። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህም ካልበቃው ድርግም ይላል።

2. የንዑስ አንቀጽ 1 ድንጋጌ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከፈይ በሚከተሉት ሁኔታዎች ከላፕቶፑ ሥር ሊነጠፍ ይችላል፦

ሀ) ከክልል እንግዳ ሲመጣ፤

ለ) እንግዳ ይመጣል ተብሎ ሲወራ፤

ሐ) እንግዳው መጥቶ ከሄደም በኋላ፣ «ተመልሶ ቢመጣስ?» የሚል ኃላፊ እስካለ ድረስ፤

መ) ከፈዩ በንብረት መዝገብ የሰፈረ በመሆኑ ያለ ንብረት ሠራተኛው ፊርማ የማይነሳ ሲሆን፣ ንብረት ሠራተኛውም መስክ ሲወጣ፤

ሠ) በፊደል ተራ (መ) የተጠቀሰው ሠራተኛ ከመስክ ተመልሶ አበሉን እያወራረደ ሲሆን፤

ረ) ላፕቶፑን ከፍ ለማድረግ ከሥሩ የገቡት ሁለት የአምቦ ውሃ ቆርኪዎች የቢሮውን ገጽታ የሚያበላሹ ሆነው ሲገኙ። «ቢራ ቤት አደረግከው እንዴ?» ተብያለሁ። በሁለት ቆርኪ!

3. ከላይ የተዘረዘሩት በሌሉበት ቀን ክልከላው ሙሉ በሙሉ ተፈጻሚ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቀን እስካሁን አላጋጠመም።

4. የዘጠኝ ወር ሪፖርት እየተጻፈ ሳለ ላፕቶፑ ግሎ ቢጠፋ ጥፋተኛው ባለ ላፕቶፑ ይሆናል።

ይህችን ንዑስ አንቀጽ እኔ አላወጣኋትም፤ ተፈጽማብኛለች። ሪፖርት በወቅቱ ባለማድረስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተወሰነብኝ። ጸሐፊዋ ኮምፒውተር ስለሌላት ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔው ነኝ። በራሴ ላፕቶፕ፣ ከፈዩ ላይ። «ለመጨረሻ ጊዜ» የሚለው ጋ ስደርስ ጠፋ፤ አስነሥቼ ጨረስኩት። ኃላፊው ሊፈርሙ ሲሉ አዩትና «ፊደሉን ትንሽ አጉላው» አሉኝ። አጎላሁት። ምን ላድርግ?

አንቀጽ 4. ስለ አቧራ

ይጠረግ። በአፍ አይነፋ፤ ምራቅ ይገባል። ቡና በሚፈለፈልበት ሰሞን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይጠረግ።

አንቀጽ 5. ስለ ቦርሳ

ሳያጠፉ ክዳኑን ብቻ ዘግቶ ቦርሳ ውስጥ መክተት ክልክል ነው።

አንቀጽ 6. ስለ ፓስታ

በፕሮሰሰሩና በሙቀት ማስወገጃው መካከል የሚቀባው ፓስታ ሲደርቅ ይቀየራል። ለጥርስ የሚሆነው አይደለም።

አንቀጽ 7. ስለ ሰበብ

«የዲላ ሙቀት ነው» ማለት አይቻልም። ብዙ አምራቾች ማሽናቸው እስከ 35 ዲግሪ በሚደርስ የክፍል ሙቀት እንዲሠራ አድርገው ነው የሚያመርቱት፤ ዲላ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ወይና ደጋ ናት። አየሩ ምን በደለ?

አንቀጽ 8. የመሸጋገሪያ ድንጋጌ

ቢሮው ላፕቶፕ የለውም ያለ ይሳሳታል። ካርቶናቸው ሳይከፈት ንብረት ክፍል ተቆልፎባቸዋል፤ በሞዴል 19 ገቢ ሆነዋል፣ በሞዴል 22 ወጪ አልሆኑም። ለምን ቢሉ፣ «እንዳይበላሹ»። ሊቲየም ባትሪ ባዶውን ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ እዚያው እንደሚሞት ለሚመለከታቸው ልነግር ሄጄ ነበር። የሚመለከታቸው ስለ «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ሊወያዩ ስብሰባ ገብተዋል ተባልኩ።

አንቀጽ 9. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ሞዴል 22 ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ለከፈዩ ግን ያንን ቀን አትጠብቁ። አሁኑኑ አንሱልኝ!