መራራ ያድናል፣ ሥራ ፈት ያምራል፦ ስለ ቅጠል ሻይና ስለ ጌጥ ዛፍ አድናቆት የቀረበ ጥናት

ይህ ጥናት የአዲስ አበባ ነዋሪ ከቅጠል ለሚፈላ ሻይና በግቢ ለሚተከል የጌጥ ዛፍ ያለውን አመለካከት ይመረምራል። ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ላይ የተጠኑበት ሳይንሳዊ ምክንያት አጥኚው ሁለቱንም ከአንድ ወንበር ሳይነሳ መታዘብ በመቻሉ ነው። ናሙናው በወንበሩ አጠገብ ያለፈ ሰው ሁሉ ነው። መጠይቅ አልተበተነም፤ ሳይጠየቅ አስተያየት በሚሰጥ ሕዝብ መሐል መጠይቅ መበተን የወረቀት ብክነት ነው።

ከቅጠሉ እንጀምር። አንድ ሰው ደጋግሞ ካስነጠሰ፣ ወይም ከንፈሩ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ብቅ ካለ፣ ቤተ ዘመድ ያለ ቀጠሮ ይሰበሰባል። ምርመራው አጭር ነው፤ «ምች መቶት ነው» ይባላል። ዳማከሴ ከጓሮ ተቀንጥሶ ይመጣና በመዳፍ ይታሻል፤ ጭማቂው ግንባር ይቀባል፣ ይሸተታል፣ የተረፈው ቡና ላይ ጠብ ይደረጋል። በዚህ ሂደት የተሰማ አንድ ውይይት እንዳለ ይቀርባል፦

«እትዬ፣ ይመራል እኮ!»

«ባይመር ምን ይሠራልሃል? ጨልጠው!»

የጥናቱ መላምት የተወሰደው ከዚህ መልስ ነው። በናሙናው እምነት የመድኃኒት ኃይል የሚለካው ፊት በሚያጨማድደው ልክ ነው። ጦስኝን እንይ። በባሌና በሰሜን ተራሮች የሚበቅለው ጦስኝ በዓለም ላይ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ዕፅ ነው፤ ሽታው እንግዳን ከበር ይቀበላል። ያለ ስኳር ሲቀርብ ለሳል፣ ለግፊት፣ ለሆድ እየተባለ በአክብሮት ይጠጣል፤ ጠጪውም ከያንዳንዱ ፉት በኋላ ደረቱን ያዳምጣል። ስኳር የገባበት ዕለት ግን ሻይ ይሆንና ከጎኑ ዳቦ ይታዘዛል፤ ስለ ግፊት የሚያነሳ የለም። ሁለት ማንኪያ ስኳር የአንድን ዕፅ የሕክምና ፈቃድ ይሰርዛል ማለት ነው። ዝንጅብል ለዚህ ሕግ አይገዛም፤ ማር ቢጨመርበትም ጉሮሮ ስለሚያቃጥል ፈቃዱ እንደጸና ይቆያል። ጤና አዳም ዘንጉ ቡና ውስጥ ተነክሮ ስለሚቀርብ ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ገና አልተወሰነም።

በዛፍ በኩል ሕጉ ይገለበጣል። መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ ወጣት ዘንድ የሚቆም ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይሄ ምን ያደርጋል?» ብሎ ነው። «ፍሬ ይሰጣል» ከተባለ የሠፈሩ ልጆች ድንጋይ ሲወረውሩበት ከወዲሁ ይታየውና ክርክር ይጀምራል። «ቅጠሉ ለሆድ ቁርጠት ይሆናል» ከተባለ ወደ ጓሮ፣ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ያስበዋል። «ምንም አያደርግም፣ ለውበት ነው» ሲባል ግን ቀና ይላል፣ በሩንና በረንዳውን በሐሳቡ ይለካል፣ ዋጋም ብዙ አይቀንስም። ሻጩ እዚህ ግኝት ላይ የደረሰው ከአጥኚው በፊት ነው፤ ዋጋ ሲተምንም ይሠራበታል።

ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ጃካራንዳ የዚህ ሕግ ዋና ተጠቃሚ ነው። አይበላም፣ አይጠጣም፤ ሐምራዊ አበባውን የቆመ መኪና ላይ አራግፎ ባለመኪናውን ያስመሰግናል። የማዳጋስካሩ ባለ ቀይ አበባ ዛፍ ደግሞ ምንም ባለማድረግ ከመደነቅ አልፎ «የድሬዳዋ ዛፍ» ተብሎ የትውልድ ከተማ ተሰጥቶታል። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ የገባው ባሕር ዛፍ ግን ማገዶ ሆነ፣ አጥር ሆነ፣ አጣና ሆነ፣ ቅጠሉም ለጉንፋን ታጠኑበት፤ ይህን ሁሉ በመሥራቱ ሙሽሮችን ከሥሩ አቁሞ ፎቶ የሚያነሳ አልተገኘም።

በሁለቱ ሕጎች መካከል የሚመላለስም አለ። ሽፈራው ኮንሶ ውስጥ ቅጠሉ ተቀቅሎ ከኩርኩፋ ጋር የሚበላ ራት ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በላስቲክ ታሽጎ ሐኪም ይሆናል። ዱቄቱ ብርጭቆ ላይ ሲንሳፈፍ ጠጪው ትንፋሹን ይዞ ስለሚጋፈጠው ሹመቱ ከመላምታችን ጋር ይስማማል።

ነገሩን የሚያወሳስበው ኮሶ ነው። በሚዛናዊ ዓይን ለሚያይ ኮሶ የደጋው መልከ መልካም ዛፍ ነው፤ ቅርፊቱ ቀላ ብሎ ይላጣል፣ የሴቴዋ አበባ በዘለላ ወደ ታች ይንዠረገጋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ዛፉን ሲያይ በዕፅዋት ሊቁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሊጠራው ወደደ። ያ ስም ቀድሞ በሌላ ተክል ተይዞ ስለነበር ክብሩ ሃገን ለሚባል ጀርመናዊ ተላለፈ። አውሮፓውያኑ ማን በስሙ ይጠራ እያሉ ሲጨነቁ፣ ጥሬ ሥጋ ወዳዱ ያገራችን ሰው በየሁለት ወሩ አበባውን በጥብጦ እየጠጣ የኮሶ ትሉን ያወርድ ነበር። የአድናቆቱም ታሪክ እዚያው ላይ አበቃ፤ ትል ያስወረደን ዛፍ በረንዳ ፊት ተክሎ ለእንግዳ ማሳየት ለናሙናው ነውር ነው።

ይህን ለማጣራት የኮሶ ችግኝ ስሙ ሳይነገር ከጃካራንዳው ጎን እንዲቀመጥ ተደረገ። ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ጎልማሳ አልፈውት ሄደው ተመለሱ። ቅጠሉን በሁለት ጣታቸው ደባበሱት።

«ይሄስ ያምራል። ምን ያደርጋል?»

«ኮሶ ነው ጋሼ።»

ጎልማሳው እጃቸውን ሰብሰብ አድርገው ምራቃቸውን ዋጡ። በስንት ቀኑ ውሃ እንደሚጠጣ አልጠየቁም፣ ምን ያህል እንደሚረዝምም አልጠየቁም።

«በባዶ ሆድ ነው አይደል የሚወሰደው?»

«የሚጠጣው አበባው ነው ጋሼ፣ ያውም የሴቴዋ። ለማበብ ገና ዓመታት ይፈጅበታል። ይቺ ደግሞ ሴት ትሁን ወንድ ካሁኑ አይታወቅም።»

ጎልማሳው ጥቂት አሰቡና ጃካራንዳውን አስጫኑ።