ባለ 13 ሰከንድ ጀግኖች

እሑድ ከሰዓት፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ፣ ሐበሻ ቡና በሚጠጣበት ቤት ቴሌቪዥኑ የአሜሪካ ፉትቦል ላይ ከዋለ ሁለት ፓርቲ መመሥረቱ አይቀርም። አንዱ «ግባ በለው» ነው፤ ኳርተርባኩ ላይ ስድስት ሰባት ሰው ካልዘመተ ማኪያቶው አይወርድለትም። ሁለተኛው «ራቅ በል» ነው፤ ተከላካዩ ሁሉ ግቡ ሥር ካልተደረደረ ደም ግፊቱ ይነሳበታል። ፕሮግራም የላቸውም፣ ምርጫ ቦርድ አያውቃቸውም፤ ያላቸው ጩኸት ነው።

የሚጨቃጨቁበትን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ፦ ሜዳ ላይ 11 ተከላካይ አለ። በተለመደው ጊዜ አራቱ ኳስ ወርዋሪውን ኳርተርባክ ሊጥሉ ይሮጣሉ፣ ሰባቱ ኳስ ተቀባዮቹን ይጠብቃሉ። አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ሰው ሲጨመር ብሊትዝ ይባላል። ወደ ፊት የተላከ ሁሉ ከኋላ የተቀነሰ ነው። ይህ መቀነስ አንደኛ ክፍል ላይ ይሰጣል፤ ሁለቱም ፓርቲዎች ያን ቀን ከትምህርት ቤት ቀርተዋል።

ሊቀመንበሮቹ ሲጀምሩ እንዲህ ነው፦

«ጋሼ፣ ለምን አይልኩም? ልጁ እኮ ቆሞ ጋዜጣ ሊያነብ ነው!»

«አንተ ልጅ፣ ሁልጊዜ ላክ፣ ላክ! ሐዋላ ቤት ነው እንዴ የከፈትከው?»

«እርስዎስ? ሁልጊዜ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ! ፎቶ ሊያነሱን ነው?»

«ከኋላ የቆመ ሁሉን ያያል።»

«ያያል እንጂ! ሲያልፉበት ከማንም በፊት የሚያየው እሱ ነው።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

«የዘገየችው ደግሞ የምትለቅመውም አላገኘች።»

ተረቡ ሲሟጠጥ ማስረጃ ይመጣል። ጋሼ መጀመሪያ የሚመዝዙት ኒውዮርክ ጄትስን ነው። ዲሴምበር 6 ቀን 2020 (ዘመኑ የፈረንጅ ነው፤ ጨዋታውም የእነሱ ነው) ጄትስ ላስ ቬጋስ ሬይደርስን 28 ለ 24 ይመራል። የቀረው 13 ሰከንድ ነው። ሬይደርስ ከግቡ 46 ያርድ ርቆ ቆሟል። ልዩነቱ 4 ነጥብ ስለሆነ በእግር ተመትታ ሦስት ነጥብ የምታስገኘው ፊልድ ጎል ከንቱ ናት፤ የግድ ታችዳውን፣ ማለትም ኳሱን ይዞ ግቡ ድረስ መግባት፣ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጄትስን የሚገድለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከራስ በላይ የምታልፍ ረጅም ኳስ። የተከላካዮች አሰልጣኙ ግሬግ ዊሊያምስ ይህን ሁሉ ካየ በኋላ ምን አደረገ? በጅምላ ላከ። ከኋላ አንድ ሴፍቲ፣ ማለትም የመጨረሻ ዘበኛ፣ እንኳ አላስቀረም። ዴሪክ ካር ወረወረ፣ ሄንሪ ራግስ ተቀበለ፣ 5 ሰከንድ ሲቀር ታችዳውን ሆነ፤ 31 ለ 28። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

«ቢሆንም ጋሼ፣ ሰውየው ደፋር ነበር።»

«ደፋርማ ነው! በማግስቱ ሰኞ ተባረረ፤ ድፍረቱን በካርቶን አሽጎ ወደ ቤቱ ወሰደው።»

ጋሼ ሲስቁ ልጁ ቡፋሎን ይመዝዛል። ጃንዋሪ 23 ቀን 2022፣ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ። ቡፋሎ ካንሳስ ሲቲን 36 ለ 33 ይመራል። የቀረው ስንት ነው? 13 ሰከንድ! ካንሳስ ሲቲ ኳሱን የያዘው በራሱ 25 ያርድ ላይ ነው፤ ሦስት ታይምአውት በኪሱ አለ። አቻ ለመሆን ፊልድ ጎል ይበቃዋል። ለዚያ ደግሞ አርባ ያርድ ገደማ ይፈልጋል እንጂ ግቡ ድረስ መሄድ አይጠበቅበትም። ቡፋሎ ግን ታችዳውኑን ፈርቶ ተከላካዮቹን ሩቅ አቆመ፣ መሐሉን ክፍት ተወ። ታይሪክ ሂል 19 ያርድ ሄደ፣ ትራቪስ ኬልሲ 25 ጨመረ። ሁለት ኳስ፣ 44 ያርድ፣ 10 ሰከንድ። ሃሪሰን በትከር ከ49 ያርድ መታ፤ አቻ። በጭማሪው ሰዓት 42 ለ 36 አለቀ፤ የቡፋሎ አጥቂዎች ኳሱን ሳይነኩ።

«ጋሼ፣ እነዚህስ ማንን ላኩ?»

«ማንንም።»

«ታዲያ ማን አባረራቸው?»

«የፈሩት ይደርሳል ይባላል…»

«ኧረ የፈሩትስ አልደረሰም! የደረሰው ያልፈሩት ነው።»

እዚህ ላይ ልጁ ሳያውቀው ትልቅ ነገር ተናገረ፤ ወዲያው ግን አበላሸው። «ስለዚህ ሁልጊዜ መላክ ነው!» አለ። ጋሼ መቼ ይለቃሉ? በዚያው ቀን፣ በዚያው ጃንዋሪ 23፣ ታምፓ ቤይ ላይ የሆነውን አነሡ። ታምፓ 27 ለ 3 ሲመራ ከቆየው ራምስ ጋር ታግሎ 27 ለ 27 አድርሷል፤ 42 ሰከንድ ቀርቷል፤ ጭማሪው ሰዓት ደጅ ላይ ነው። የታምፓ የተከላካዮች አሰልጣኝ ቶድ ቦውልስ ብሊትዝ ላከ። ኩፐር ከፕ የ44 ያርድ ኳስ ተቀበለ። ራምስ ከ30 ያርድ መትቶ 30 ለ 27 አሸነፈ።

በአንድ ቀን የላከም ተሸነፈ፣ ያልላከም ተሸነፈ። ሁለቱም ፓርቲ ድንጋጤውን በሁለተኛ ቡና አወራረደው። አንዳቸውም ግን ጥያቄውን አልጠየቁም፦ ተቃራኒው የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ሬይደርስ ታችዳውን ያስፈልገው ነበር፤ የሚጠበቀው ጥልቁ ነበር። ካንሳስ ሲቲ አርባ ያርድ ያስፈልገው ነበር፤ የሚጠበቀው መሐሉ ነበር። ተቀባዩን ገና ከመነሻው ደረቱን ይዞ ማዘግየት፣ ሰከንዷን እዚያው ማስፈጀት። ራምስ ሰዓት አጥሮታል፤ የሚከለከለው በአንድ ውርወራ ብዙ ያርድ መዝለል ብቻ ነበር። ሦስቱም ጌቶች ግን ጎረቤት የጠየቃቸውን ዕቃ አበደሩ፣ ያልጠየቃቸውን ሸሸጉ።

«ግባ በለው» አሁንም አልተኛም። «ኳርተርባክ ካልተጨነቀ ይገድልሃል!» ይላል። ልክ ነህ ወንድሜ፣ ይገድልሃል። ግን ጭንቀት በሰው ብዛት ነው ያለህ ማን ነው? ያው ቦውልስ፣ ብሊትዝ ወዳዱ ቦውልስ፣ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2021 በሱፐር ቦውል የካንሳስ ሲቲው ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስ ላይ ተጨማሪ ሰው የላከው በስንት አንዴ ነው። ከወራት በፊት ታይሪክ ሂል በታምፓ ላይ 269 ያርድ ስለሰበሰበ ሁለት ሴፍቲ ከኋላ አቆመ። ኳርተርባኩን ከሚከልሉት ሁለት ቋሚ ተጫዋቾች የጎደሉበትን የካንሳስ ሲቲ ግንብ አራቱ የታምፓ ሯጮች ብቻቸውን ናዱት። ማሆምስ ጨዋታውን ሙሉ ለነፍሱ ሲሮጥ አመሸ፤ አንድም ታችዳውን ሳያገባ 31 ለ 9 ተሸነፈ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025 ደግሞ የፊላደልፊያው ቪክ ፋንጂዮ አንድ ብሊትዝ እንኳ ሳይልክ ያንኑ ማሆምስን ስድስት ጊዜ መሬት አስነካው፤ 40 ለ 22። አራት ሰው ሥራውን ከጨረሰ አምስተኛው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ከኋላ ቦታውን ጥሎ ነው የመጣው።

«ይኸው! ልጄ፣ መቀመጥ ነው!» ብለው ጋሼ ጠረጴዛ ሊመቱ ሲሉ እጃቸውን ልያዝ። ጋሼ፣ እዚሁ ሰፈራችን ላንዶቨር፣ ሜሪላንድ፣ ኦክቶበር 27 ቀን 2024 የሆነውን ረሱት? ቺካጎ ዋሽንግተንን 15 ለ 12 ይመራል፤ ሰከንዶች ቀርተዋል። ቺካጎ ራቅ ብሎ ቆመና ለቴሪ ማክሎሪን 13 ያርድ በነጻ ሰጠ። በዚያች ስጦታ ዋሽንግተን ግቡ ድረስ መወርወር የሚችልበት ቦታ ደረሰ። በመጨረሻዋ ኳስ ቺካጎ ሦስት ሰው ብቻ ላከ። የዋሽንግተኑ ኳርተርባክ ጄይደን ዳንኤልስ ከ12 ሰከንድ በላይ ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደ። 12 ሰከንድ! በዚህ አካባቢ ለዚያን ያህል ጊዜ የቆመ ሰው የቤት ኪራይ ይጠየቃል። አንደኛው የቺካጎ ተከላካይ ኳሱ ሲነሳ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ያሾፍ ነበር። ከዚያ ደርሶ ኳሱን በእጁ ነካው፤ ነክቶም ለኖዋ ብራውን አቀበለው። 52 ያርድ፣ 18 ለ 15። ራቅ ማለት ከመተኛት ጋር ዘመድ አይደለም፣ ጋሼ።

ታዲያ መቼ ይላክ? አራቱ ሯጮች መድረስ ሲያቅታቸው ይላክ። ኳርተርባኩ ለጋ ሆኖ ሲያመነታ ይላክ። ተሸንፈህ፣ ሰዓቱ እየሄደ፣ ኳስ መንጠቅ የግድ ሲሆንብህ ይላክ፤ ያኔ ቁጭ ብለህ የምትጠብቀው ሽንፈትህን ነው። ብሊትዝ ለምዶ ኳሱን ቶሎ በሚለቅ ጥይት ሰው ላይ ግን ስትልክ ስጦታ መላክህ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ልካለሁ ብሎ አለመላክ ነው። የፒትስበርጉ ዲክ ለቦ በዚህ ጥበብ ነው የታወቀው፦ አንዱን ካልተጠበቀበት ይልካል፣ ሊሮጥ የተዘጋጀ የሚመስለውን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ቁጥሩ አይጎድልም፣ ኳርተርባኩ ግን ማንን እንደሚፈራ አያውቅም። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2009 በሱፐር ቦውል አሪዞና ግቡ አፋፍ ላይ ደርሷል። ጄምስ ሃሪሰን ሊዘምት ነው ሲባል ወደ ኋላ ቀረ፤ ከርት ዋርነር ባዶ ነው ያለው ቦታ ላይ ወረወረ፤ ሃሪሰን ኳሱን ይዞ 100 ያርድ ሮጦ አገባ። ፒትስበርግ 27 ለ 23 አሸነፈ። ይህን ሰው የትኛው ፓርቲ አባሌ ነው ሊል ይችላል?

«እሺ ጋሼ፣ ተስማማን። ግን እኔ አሰልጣኝ ብሆን…»

«አንተ አሰልጣኝ ብትሆን ካርቶኑን ከእሑድ ጀምሬ እፈልግልህ ነበር።»

«እርስዎስ ቢሆኑ?»

«እኔማ ከሜዳ ርቄ ስለምቆም ማን እንዳባረረኝም አላውቅ።»